የሉባባ አንገት

ሚኤሶን ለሁለት የሚከፍላት አስፋልት ከዳር እስከ ዳር አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። ሉባባ ቆጥራዋለች። የቆጠረችው ግን እዚህ ሳይሆን ጭሮ ላይ፣ በአንዲት የማገገሚያ ክፍል የሲሚንቶ ወለል ላይ ነበር። የምታክማት እፀገነት ወለሉ ላይ ሁለት መስመር ነጭ ፕላስተር ለጥፋ «በመሃሉ ያለው አስፋልት ነው በይ» አለቻት፤ ሉባባም አስፋልት ነው አለች። አራት ወር ሙሉ ስትሻገረው ከረመች። አንድም ቀን መኪና መጥቶባት አያውቅም።

ዛሬ እውነተኛው ከፊቷ ተዘርግቷል፤ ያውም በረፋዱ ሙቀት ጥቁረቱ እየተብለጨለጨ። ከጅቡቲ የሚመጣው ተሳቢ፣ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ቦቴ፣ ጫት ጭኖ የሚከንፈው አይሱዙ፣ ሁሉም እዚህች ከተማ ሲደርስ ጥሩምባውን ነፍቶ ያልፋል እንጂ ፍጥነቱን አይቀንስም። በወዲያኛው ዳር፣ ከኒም ዛፉ ሥር፣ ሦስት ሽማግሌዎች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው አማቷ እማማ ሙሚና አሉ። ከእማማ ሙሚና ጉልበት ሥር ደግሞ ቢጫ ሻሽ ያሰረች የስድስት ዓመት ልጅ አለች። ሉባባ ይህችን ልጇን ካየቻት ዓመት ከአምስት ወር ሆኗታል።

«እግርሽን እርሺው» አለቻት እፀገነት ከጎኗ ቆማ። «እሱ የራሱን ነገር ያውቃል። አንገትሽ ይጀምር።»

ነገሩ ሁሉ የጀመረው እዚሁ ነው፤ እዚሁ፣ ከዚሁ ጎሚስታ ቤት ፊት ለፊት። ሉባባ ከገበያ ስትመለስ የአራት ዓመት ልጇ ዓሊዩ ቀሚሷን ይዞ ነበር። ነፋስ ያንከባለለውን ባዶ የውሃ ላስቲክ አይቶ ቀሚሷን ለቀቀ። መኪናው ሲመጣ አየችው። ልጇንም አየችው። በመካከላቸው አምስት እርምጃ ቢሆን ነው፤ ምናልባትም አራት። ጎሚስታው ቁልፉን እንደያዘ ከቤቱ ሮጦ ወጣ፤ ከማዶ ሻይ የምትሸጠው ሴት ሮጠች፤ የማያውቋቸው መንገደኞች ሮጡ። ሉባባ አልሮጠችም። እግሯ እምቢ አላት። ልጁን ጠቅልለው ካነሱት በኋላም እዚያው ተተክላ ነበር፤ ሁለት ሰዎች እንደ ዕቃ ተሸክመው ቤቷ አስገቧት። ከዚያች ቀን ወዲያ እግሯ አልታዘዛትም። ጭሮ ታየች፣ ሐረር ታየች፤ አጥንቱም ደህና፣ ነርቩም ደህና። «እግርሽ እኮ ምንም አልሆነም» ይሏታል፤ እሷ ፍራሽ ላይ ተኝታ ትሰማለች።

እማማ ሙሚና ይህን ሲሰሙ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «ምንም ካልሆነ ለምን አልሮጠም?»

የልጅ ልጃቸውን ኢንሳፍን ይዘው ቦርደዴ፣ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሽማግሌዎቹም በዚሁ ዛፍ ሥር ተቀምጠው፣ እናትየው በገዛ እግሯ ቆማ፣ ልቧም ረግቶ በታየች ጊዜ ልጅቷ ትመለስላታለች ብለው ወሰኑ። ፍርዱ ክፉ ነው አይባልም። ብድግ ብላ ውሃ መቅዳት ያልቻለች ሴት ልጅ ታሳድግ ብሎ የሚፈርድ ማን አለ? ሉባባም አልተከራከረችም። አክስቷ ዘንድ ጭሮ ወሰዷት፤ እዚያ ነው ከእፀገነት እጅ የገባችው።

እፀገነት ከጎጃም ተመድባ የመጣች ፊዚዮቴራፒስት ናት። ሕመምተኛው ሁሉ ዶክተር ይላታል፤ መጀመሪያ ታርማቸው ነበር፣ በኋላ ደከማትና ተወችው። አዲስ አበባ ሄዳ በጭፈራና በእንቅስቃሴ ስለማከም ሦስት ሳምንት ተምራ ስትመለስ፣ አለቆቿን ለምና ለምና አንድ ባዶ ክፍል አገኘች። ከበሮ ቢጠፋ ቢጫ ጀሪካን ገልብጣ መታች። ወዲያው «የእብዶች ሰርግ ቤት» የሚል ስም ወጣላት፤ እሷ እቴ! ከቁብም አልቆጠረችው። ዘጠኝ ሰው ሰብስባ እያንዳንዱን «ሰውነታችሁ በልጅነቱ ምን ይወድ ነበር?» እያለች ትጠይቃለች። ግማሽ ጎናቸው የማይታዘዝላቸው ጡረተኛው መምህር ጋሽ በላይነህ እስክስታ አሉ፤ ደህናዋ ትከሻቸው ብቻዋን ስትመታ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸውም ሳቁ።

ሉባባ ሦስት ሳምንት ዝም አለች። በአራተኛው፣ ጀሪካኑ ሲመታ አንገቷ ሳታዘው ሄደ። ሸጎዬ ነበር፤ የሐረርጌ ኮረዳና ጎረምሳ ፊት ለፊት ቆመው በአንገትና በትንፋሽ የሚጫወቱት። ከማግባቷ በፊት ሉባባ ለሸጎዬ ከሩቅ የምትጠራ፣ ፊቷ ለመቆም ጎረምሶች የሚጋፉላት ልጅ ነበረች። ነገሩ ከአንገቷ ወደ ትከሻዋ ወረደ፣ ከትከሻዋ ወደ ወገቧ። እግሯን ማንም ተነስ አላለውም፤ አንድ ጠዋት አንገቷን ተከትሎ ተነሳ። እፀገነት የምትመታውን ጀሪካን ጥላ አለቀሰች።

ግን ያገባች ሴት ሸጎዬ አትወጣም። ልጅ የቀበረች እናትማ ጭራሽ አይታሰብም። ሚኤሶ ውስጥ ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም፤ ከጎጃም የመጣች ሰው ግን ከየት ታምጣው? ሉባባም አልነገረቻትም። ብነግራት «እንግዲያው ሌላ እንፈልግ» ትለኛለች ብላ ፈራች፤ ሌላ ደግሞ አልነበራትም። አንድ ቀን እፀገነት ስልኳን አውጥታ «ለሪፖርት ነው» ብላ ስትቀርጻት፣ «ማንም እንዳያይብኝ» አለቻት። «ማንም አያይም» አለች እፀገነት። ከልቧ ነበር ያለችው።

አሁን ሉባባ ጅልባቧን ወደ ፊት ሳበች። ከውስጥ አንገቷን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ አለችው፤ በጣም በትንሹ፣ የሚያየው እንዳይኖር አድርጋ። የጀሪካኑ ድምፅ በጆሮዋ መጣ። አንድ ቦቴ አለፈ፤ ነፋሱ ልብሷን ገረፈው። ከዚያ መንገዱ ባዶ ሆነ። አንድ። ሁለት። አምስተኛው ላይ ዓሊዩ የወደቀበት ነው። ጎንበስ ብላ አየችው፤ ከሌላው አስፋልት በምንም አይለይም። ምንም ምልክት የለውም። እንዴት ምንም አይኖረውም ብላ ተናደደች፤ ንዴቱም ስድስተኛውን አራመዳት። ጎሚስታው ጎማ እንዳቀፈ ቆሞ ያያታል። አሥር። አሥራ አንድ። አሥራ ሁለት።

«ማሻአላህ!» አሉ ሼህ በድሪ፣ የሽማግሌዎቹ ታላቅ፤ ከምንጣፉ ብድግ ብለው ነው ያሉት። ሁለቱም ተከተሏቸው። «ማሻአላህ! በገዛ እግሯ!»

እዚህ ላይ ቢያልቅ ምን ነበረበት! ፀሐይም አለች፣ ሰውም አይቷል፣ ሴትየዋም ተሻግራለች። ግን ሰው በቃ ማለትን አያውቅበትም።

ቁጭ አሉ። ባሏ ሳቢት ከሽማግሌዎቹ ጀርባ፣ የዛፉን ግንድ ተደግፎ የጫት ቀንበጥ ይመርጣል፤ ቀና ብሎ አላያትም። ከቀብሩ ወዲህ አይቷት አያውቅም፤ አንድ ቤት ሳሉም እንኳ ፊቱን አዙሮ ነበር የሚያናግራት። ኢንሳፍ ግን ዓይኗን ከእናቷ እግር ላይ አልነቀለችም። ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል። ሉባባ መቼ እንደወለቁ አታውቅም፣ ማን እንደነቀለላትም አታውቅም፤ ይህ ብቻ ሊያስለቅሳት ደረሰ። ዋጠችው። ዛሬ የምታለቅስ ሴት ልቧ የረጋ አይባልም።

«በጋ ነጋን ዱፍቴ፣ ልጄ» አሉ ሼህ በድሪ። ለእንግዳዋ ብለው ቀጥሎ በአማርኛ ተናገሩ። «እንኳን ደህና መጣሽ። ቆመሻል። አልሀምዱሊላህ። እኛም ያልነው ይህንኑ ነበር።»

«እግሯማ ቆመ» አሉ እማማ ሙሚና። «ልቧን ማን አየው?»

«እሱንም እንጠይቃለን» አሉ ሼህ በድሪ ወደ እፀገነት ዞረው። «አንቺ ሐኪም ነሽ። ልቧ ረግቷል ትያለሽ?»

እፀገነት ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት በሁለት እጇ ዘረጋችላቸው። ሼህ በድሪ ተቀብለው ሳያነቡ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«ወረቀቱ ይቆይ። ያየሽውን ንገሪን።»

«ከምነግርዎ ባሳይዎት ይሻላል» አለች እፀገነት፤ ፊቷም በራ።

የእፀገነት እጅ ወደ ቦርሳዋ ሲገባ ሉባባ አየች። «ዶክተር…» አለቻት።

«አይዞሽ ሉቢ።» ጉልበቷን ቸብ ቸብ አደረገቻት።

ምን ትበላት? ያንን አታሳዪ ብትል የምትደብቀው ነገር አለ ማለት ነው። ዝም ብትል ያው ነው። ዓይኗን አፍጥጣ አየቻት፣ ከንፈሯን ነከሰች፤ እፀገነት ግን የፈተና ውጤት ይዛ ወደ ቤቷ እንደምትሮጥ ተማሪ ሆናለች፣ ከስልኳ ሌላ የሚታያት ነገር የለም። የገባችው ቃል ከነጭራሹ ከጭንቅላቷ ወጥቶ ነበር። ክፋት ቢሆን እኮ ሉባባ ታውቅበት ነበር፤ ከክፋት ጋር ዓመት ከአምስት ወር ኖራለች።

የመጀመሪያው ቪዲዮ ፍራሽ ላይ የተኛችው ሉባባ ነበር፤ ከንፈሯ የደረቀ፣ ዓይኗ ጣሪያው ላይ የቀረ። ሁለት ሰዎች ሲያገላብጧት ይታያል። ሽማግሌዎቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። እማማ ሙሚና ሳይቀሩ ዓይናቸውን ወደ መሬት መለሱ። እፀገነት ይህን አየችና ደስ አላት። «ይሄ የመጀመሪያ ቀን ነው» አለች። «አሁን ደግሞ ይሄን እዩልኝ።»

የጀሪካኑ ድምፅ ከኒም ዛፉ ሥር ተሰማ። ገና ሁለት ምት ሳይመታ የሸጎዬ ምት እንደሆነ ሁሉም አወቁት። ሻይ ሻጯ ብርጭቆ እያጠበች ቀና አለች። በስልኩ መስታወት ውስጥ ሉባባ በባዶ እግሯ ቆማ፣ ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራትቶ፣ አንገቷን ትመታለች። ፊት ለፊቷ አንድ ሽማግሌ ወንድ በአንድ ትከሻቸው ይመልሱላታል። ጋሽ በላይነህ ናቸው፤ ግን እዚህ ማን ያውቃቸዋል? ወንድ ናቸው፤ እሱ በቂ ነው።

«አስታግፊሩላህ» አሉ አንደኛው ሽማግሌ በቀስታ።

«አዎ!» አለች እፀገነት እየሳቀች። «እኔም ዓይኔን አላመንኩትም ነበር!»

ከዚያ ደግሞ ሉባባ የማታውቀው መጣ። ስልኩ ውስጥ ያለችው ሉባባ ሳቀች። ጋሽ በላይነህ ተንገዳግደው ሲስተካከሉ፣ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ ጥርሷ እስኪታይ፣ ድምፅ አውጥታ። ሉባባ ያን ቀን መሳቋን አታስታውስም ነበር። ሳቁ ከስልኩ ወጥቶ በዛፉ ሥር ሲሰማ፣ የሌላ ሴት መሰላት፤ አንገቷን ይዛ ብታፍናት በወደደች። ሳቢት ቀና አለ። ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሚስቱን አያት፤ ያያት ግን ስልኩ ውስጥ ነው።

ኢንሳፍ በጉልበቷ እየዳኸች ሄዳ ስልኩ አጠገብ ደርሳለች። «ኡሚ!» አለች። ትንሿ አንገቷ ቀኝ፣ ግራ ማለት ጀመረች። ልጅ አይደለች፣ ያየችውን ታደርጋለች። እማማ ሙሚና ከኋላ ቀሚሷን ይዘው መለሷት፤ ጮክ አላሉም፣ አልመቷትም። ወደ ሉባባ ዞረው፣ በኦሮምኛ፣ ውሃ ስጪኝ በሚሉበት ድምፅ ተናገሩ።

«ለዓሊዩ ያልሮጠ እግር ለዚህ ተነሳ።»

አንድ ተሳቢ ጥሩምባውን እየነፋ አለፈ። እፀገነት ስልኳን እንደዘረጋች ፊታቸውን አንድ በአንድ አየችና ወደ ሉባባ ጠጋ አለች።

«ምን አሉ? ተስማሙ አይደል?» ከዚያም ምናልባት በደንብ አላዩት ይሆናል ብላ ደግማ ከፈተችው። ጀሪካኑ እንደገና ተመታ። ሉባባ እንደገና ሳቀች።

«ዝጊው» አለች ሉባባ።

«ለምን?»

«ዝጊው፣ ዶክተር። በአላህ።»

ሽማግሌዎቹ በኦሮምኛ ተነጋገሩ፤ ብዙም አልቆዩ። ሉባባ እያንዳንዱን ቃል ሰማች። አንደኛው ልቧ ጠፍቷል አለ፤ ሌላኛው ልቧስ አልጠፋም፣ ልጇን ረስታ ነው እንጂ አለ፤ የትኛው እንደሚብስ እሷም አላወቀች። መናገር ፈለገች። ያ ሳቅ ሳቅ አይደለም ልትል ፈለገች። ዓሊዩን በየቀኑ፣ በየሰዓቱ አየዋለሁ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ግን ለግማሽ ሰዓት ያህል መንገዱ ባዶ ይሆንልኛል ልትል ፈለገች። አፏን ስትከፍት የወጣው «ሼህ፣ ህክምና ነው» የሚል ብቻ ሆነ።

ሼህ በድሪ ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ትሰድባቸው ነበር። ወረቀቱን ከጉልበታቸው አንስተው፣ በአራት አጥፈው፣ በአክብሮት ለእፀገነት መለሱላት።

«ልጄ፣ እኔ አልፈርድብሽም» አሉ በኦሮምኛ። «ሐዘን ሰውን ብዙ ነገር ያስደርገዋል። ግን ይህን ነገር ተዪው። እዚያ ቤት አትሂጂ። አክስትሽ ዘንድ ጨዋ ሆነሽ ተቀመጪ፤ ከመጪው ረመዳን በኋላ ረግተሽ ካየንሽ ስለ ልጅቷ እንነጋገራለን። ከዛሬ ወዲያ አንድ ሰው አንገትሽን ሲነቀነቅ አየሁ ካለ ግን፣ ሁለተኛ እኔ ዘንድ አትምጪ።»

«ብተወው እግሬ ይተወኛል።»

«እግር የሚያቆመው አላህ ነው» አሉ፤ የመዝጊያውን ጸሎት፣ ፋቲሃን፣ ቀሩ፤ ሁሉም ፊቱን ዳበሰ።

ሳቢት ሲነሳ በአጠገቧ አለፈ። ቆመ። «ስትስቂ ነበር» አላት። አልፏትም ሄደ።

ሉባባ ተነስታ ቆማ ነበር። አሁን እወድቃለሁ ብላ ጠበቀች፤ ብትወድቅ ደግ ነበር፣ ዓይኗን ጨፍና አፈር ላይ ብትዘረጋ ምንም ባታይ። እግሯ ግን ጸና። ጉልበቷ አልተንቀጠቀጠም፣ ተረከዟ መሬቱን ቆንጥጦ ይዟል። ስምንት ወር የለፋችበት እግር፣ አይ እግር፣ ዛሬ ሁሉን ቆማ እንድታይ አደረጋት።

«ሉቢ፣ ንገሪኝ እንጂ! ምን አሉ?» አለች እፀገነት፤ አሁን ነው ፊቷ መገርጣት የጀመረው።

«ሌላ ጊዜ አሉ።»

«ለምን? መሻሻልሽን አላዩም? አሳየኋቸው እኮ!»

«አዩ።»

ሉባባ ልትጠላት ሞከረች። በምድር ላይ እንድትቆም ያደረገቻት ይቺው ልጅ ናት፤ ጥላቻው አልመጣላትም። «ሰኞ አልመጣም» አለቻት።

ወደ ቦርደዴ የሚሄደው ሚኒባስ እዚያው ዛፉ ጥግ ቆሞ ነበር። እማማ ሙሚና ኢንሳፍን ወደ ኋለኛው ወንበር አስገቧትና ራሳቸው ከፊቷ ተቀመጡ። ልጅቷ ወንበሩ ላይ በጉልበቷ ቆማ ፊቷን ወደ ኋላ መስታወት አዞረች። እናቷን አገኘቻት። ፈገግ አለች፤ የወለቁት ጥርሶቿ ቦታ ታየ። ከዚያ አንገቷን ቀኝ አለችው። ግራ አለችው። አየሽኝ? እንደ አንቺ፣ አይደል? ማለቷ ነበር፤ ሉባባ እንደ ቃል ሰማችው።

ሼህ በድሪ ከዘራቸውን ተደግፈው ከምንጣፉ ዳር ቆመዋል። ጎሚስታው ከማዶ ያያል። ሻይ ሻጯ ታያለች። ጠዋት አንገቷ ላይ ዓይኑን የጣለ አልነበረም፤ አሁን ሁሉም ሌላ የሚያየው የለውም። አንገቷ ለልጇ ሊመልስላት ተነሳ። ሉባባ ጥርሷን ነክሳ ያዘችው። ጅማቷ እስኪያማት ድረስ አደረቀችው።

ኢንሳፍ ጨመረች። አላየችኝም ብላ ይሆናል፣ መስታወቱን በመዳፏ መታች፤ ጠጠጥ፣ ጠጠጥ፣ ልክ እንደ ጀሪካኑ። አንገቷ ፈጠነ። ሉባባ እንጨት ሆና አየቻት። ሚኒባሱ መንገድ እስኪለቀቅለት ቆመ፤ አንድ ቦቴ አለፈ፣ ሁለተኛ አለፈ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከሩቅ እየመጣ ነው፤ እስከዚያው ልጅቷ መላልሳ ጠየቀች።

ከዚያ የልጅቷ አንገት ቀስ እያለ ቆመ። ፈገግታዋ የጠፋው መጨረሻ ላይ ነው። ዞራ ቁጭ አለች፤ በመስታወቱ የቢጫ ሻሿ ጫፍ ብቻ ቀረ፤ ሚኒባሱም ወደ ቦርደዴ ዞረ።

የጭሮ መኪና የሚቆመው በወዲያኛው ዳር ነው። እፀገነት እያለቀሰች ክንዷን ያዘቻት። «ነይ፣ እንሂድ። አንገትሽ ይጀምር» አለቻት፤ ሌላ የምታውቀው ቃል አልነበራትም።

ሉባባ ከኋላዋ የሼህ በድሪን ከዘራ ሰማች። አልሄዱም። ሦስተኛው ቦቴ አለፈና አስፋልቱ ባዶ ሆነ። አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። አንገቷን አቅንታ፣ ፊቷን ወደ ማዶ አድርጋ፣ እግሯን መጠበቅ ጀመረች።